ስንት ብር እጅ ይገባል?

የዛሬው ዝግጅታችን ከውጭ አገር ለቤተሰብ ገንዘብ ስለ መላክ ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በፍራንክፈርት ወይም በሪያድ የሚሠራ ሰው ከደመወዙ ቀንሶ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር ሊልክ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሐዋላ አስተላላፊ ድርጅቶችም ይህን ስለሚያውቁ «ያለ ኮሚሽን»፣ «በነጻ ይላኩ» የሚሉትን ቃላት በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ ጥያቄ ብቻውን ላኪውን እንደሚያሳስተው ነው። ርካሹን መንገድ የሚያሳየው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከእኔ ኪስ ይህን ያህል ቢወጣ፣ ተቀባዩ እጅ ስንት ብር ይገባል?

ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ገቢውን ከሁለት ቦታ ያገኛል። አንዱ በግልጽ የሚጠየቀው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሌላው ያለው ምንዛሪው ውስጥ ነው። ድርጅቱ ዶላሩ በገበያ ከሚያወጣው ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለላኪው ያስብለታል፤ በመሐል የቀረው ልዩነት የእሱ ትርፍ ነው። ባንክ ቤት የተለጠፈውን የመግዣና የመሸጫ ተመን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ባንኩ ዶላር ሲገዛ ዝቅ፣ ሲሸጥ ከፍ ያደርጋል። የሁለቱ አማካይ የማንም ትርፍ ያልተጨመረበት ተመን ነው ሊባል ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይ «አንድ ዩሮ ስንት ዶላር ነው?» ብለን ስንፈልግ የሚመጣልን ቁጥርም ብዙ ጊዜ ይኸው አማካይ ነው። ኮሚሽኑ ደረሰኝ ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ የምንዛሪው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ ክፍያ ተብሎ ራሱን ችሎ አይጻፍም። የማይታየው ክፍያ ከሚታየው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ነው ነገሩን አጥብቄ የማነሳው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ብቻ አንድ ዶላር በአማካይ ተመን 150 ብር ነው እንበል። አንደኛው ድርጅት ኮሚሽን አይጠይቅም፣ ዶላሩን ግን በ144 ብር ያስባል። ሁለተኛው 4 ዶላር ኮሚሽን ይወስዳል፣ ዶላሩን በ149 ብር ያስባል። 200 ዶላር ለሚልክ ሰው በመጀመሪያው በኩል 28,800 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው በኩል ከ200 ላይ 4 ተቀንሶ 196 ዶላር ይመነዘራል፣ 29,204 ብር ይሆናል። ኮሚሽን የጠየቀው ድርጅት በ404 ብር በልጧል። «በነጻ» ያለው ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ 1,200 ብር፣ ማለትም ከመቶ 4 እጅ ወስዷል። በየወሩ ይህንኑ ለሚልክ ሰው 404 ብሩ በዓመት 4,848 ብር ይሆናል። የሚላከው 1,000 ዶላር ከሆነ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ብቻ 4,404 ብር ነው።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ኮሚሽን የሚያስከፍለው ሁልጊዜ ይሻላል» ማለትም ስሕተት ነው። በእነዚሁ ተመኖች 50 ዶላር ብንልክ «በነጻ» የሚለው 7,200 ብር ያደርሳል፤ ሌላኛው 46 ዶላር ብቻ መንዝሮ 6,854 ብር። አሁን የበለጠው የመጀመሪያው ነው። በምሳሌያችን ሁለቱ የሚስተካከሉት 119 ዶላር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች አንዱ፣ ከዚያ በላይ ሌላው ያዋጣል። ለዚህ ነው ባለፈው ወር ጓደኛ የመከረው ድርጅት ለእኛ የማይሆነው፤ እሱ የላከው ሌላ መጠን ነውና። በየሳምንቱ 50፣ 50 ዶላር በኮሚሽን የሚልክ ሰው በወር አራት ጊዜ ኮሚሽን ከፍሎ 27,416 ብር ያደርሳል፤ አጠራቅሞ 200ውን በአንድ ጊዜ ቢልክ 29,204 ነበር። ተቀባዩ በየሳምንቱ ካልሆነ የማይደርስለት ወጪ ከሌለበት፣ ድርጅት ሳይለወጥ ብዙ ብር የሚተርፈው መላኪያውን በማሰባሰብ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሐዋላ ዋጋን ከአገር አገር እየመዘገበ ያወጣል፤ ሲመዘግብም ኮሚሽኑንና የምንዛሪውን ልዩነት ደምሮ ነው፣ አንዱን ብቻ ማየት እንደሚያሳስት ስለሚያውቅ። በዚህ ልኬት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 200 ዶላር ለመላክ በዓለም ደረጃ በአማካይ ከመቶ 6.4 ይወጣ ነበር፤ ከሰሃራ በታች ወዳሉ የአፍሪካ አገሮች ሲሆን ወደ 8 ይጠጋ ነበር። ውዱ መንገድ ባንክ ነበር፤ በአማካይ ከመቶ 12 ገደማ። የተባበሩት መንግሥታት በዘላቂ የልማት ግቦቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ይህ ወጪ ከመቶ 3 በታች እንዲወርድ አቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች የተላከው ገንዘብ 656 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ላይ ከመቶ አንድ ብቻ ቢቀነስ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ በላኪና በተቀባይ ቤተሰብ እጅ ይቀራል። ሰው ቤት እያጸዳ፣ ሽማግሌ እያስታመመ፣ ሌሊት መኪና እየነዳ ያገኘው ገንዘብ ነው።

ባንክ ለምን ይወደዳል? ገንዘቡ ራሱ ባሕር አያቋርጥም፤ የሚያቋርጠው ትእዛዝ ነው። ዌስተርን ዩኒየን የቴሌግራፍ ኩባንያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1871 ገንዘብ ማስተላለፍ ሲጀምር በሽቦው የሄደው «ለእገሌ ይህን ያህል ክፈል» የሚል መልእክት ነበር። ዛሬ ባንኮች የሚገናኙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በቤልጂየም የተቋቋመው ስዊፍትም የመልእክት መረብ ነው። ሁለት ባንኮች አንዱ ሌላው ዘንድ ሒሳብ ከሌላቸው የሁለቱም ሒሳብ ያለበት ሦስተኛ ባንክ መሐል ይገባል፤ አንዳንዴም አራተኛ። መሐል የገባው ሁሉ ከገንዘቡ ላይ ድርሻውን ሊቆርጥ ይችላል፤ 500 ዶላር የላከ ሰው 470 ደረሰ ሲባል የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው። የባንኩ ቅጽ ላይ የመካከለኛ ባንኮችን ወጪ ላኪው ይሸፍን፣ ተቀባዩ ይሸፍን ወይስ ይካፈሉት የሚል ምርጫ አለ። ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፈዋል፤ የሚደርሰው ገንዘብ የሚጎድለው ግን ብዙ ጊዜ እዚያች መስመር ላይ ነው።

ርካሽ አገልግሎት ሲቀርብ «እንዲህ ረክሶ እንዴት ይታመናል?» የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ መልሱም እዚሁ ትእዛዙ እንጂ ገንዘቡ አይጓዝም ያልነው ላይ አለ። ለንደን የሚኖሩ ሁለት የኢስቶኒያ ተወላጆች፣ ታቬት ሂንሪኩስ እና ክሪስቶ ካርማን፣ አንዱ ደመወዙ በዩሮ ይከፈለውና ለንደን ውስጥ ፓውንድ ያስፈልገው ነበር፤ ሌላው ደመወዙ በፓውንድ ሆኖ ኢስቶኒያ ላለው የቤት ዕዳ ዩሮ ያስፈልገው ነበር። በአማካዩ ተመን አስበው አንዱ ለሌላው ፓውንድ፣ ሌላው ለእሱ ዩሮ እየሰጡ ባንኩን ዘለሉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋሙት፣ ዛሬ ዋይዝ የሚባለው ኩባንያ የተነሳው ከዚህ ነው። ርካሽነቱ የመጣው ከማታለል ሳይሆን ወዲህ የሚመጣውን ወዲያ ከሚሄደው ጋር በማቻቻል ነው። ሆኖም ይህ ዘዴ የሚሠራው ገንዘቡ በሁለቱም አቅጣጫ ሲፈስ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ሐዋላ ብዙ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ማቻቻሉ እንደ ዩሮና ፓውንድ አይቀልም። ለአውሮፓ ውስጥ ዝውውር አንደኛ የተባለ ኩባንያ ወደ ብር ሲሆን አንደኛ ላይሆን፣ ጭራሽም ላይሠራ ይችላል።

የብር ጉዳይ ሌላም ልዩ ነገር አለው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። የገንዘብ አማካሪዎች «ድርጅቱ የሰጣችሁን ተመን ኢንተርኔት ላይ ካለው አማካይ ጋር አወዳድሩ» ይላሉ። ለዩሮና ለዶላር ጥሩ ምክር ነው። ለብር ግን ለረጅም ዓመታት የማይሠራ ነበር፤ ይፋዊው ተመን የገበያው ዋጋ አልነበረምና። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን እስኪፈቅድ ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ነበር። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተመን ወደ 74 ብር ከፍ አለ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 አለፈ። ከዚያ ወዲህ ባንኮች እያንዳንዳቸው ተመናቸውን ስለሚያወጡ በአንድ ቀን ከባንክ ባንክ ልዩነት አለ። እንግዲህ አማካዩ ራሱ የሚያጠራጥር በሆነበት ቦታ ምን እንይዛለን? የያዝነው ጥያቄ እዚህም ይሠራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ድርጅቶች ላይ ያንኑ መጠን አስገብቶ የትኛው ብዙ ብር እንደሚያደርስ ማየት የማንንም አማካይ አይፈልግም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የምለው ተመኑ በየቀኑ ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ የዛሬውን ከትናንትናው ጋር ማወዳደር ምንም አያስረዳም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አድማጮች ደግሞ ከሌላው የቀለለ መመርመሪያ አላችሁ። የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በ3.75 ለአንድ ዶላር፣ የኤምሬትስ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በ3.6725 ለአንድ ዶላር ታስረው የቆዩ ናቸው። ስለዚህ የሪያል ተመን በ3.75 ሲባዛ የዶላሩን ተመን ሊሰጥ ይገባል። ዶላር 150 ብር በሆነበት ቀን ሪያል 40 ብር መሆን አለበት፤ የምንዛሪ ቤቱ 39 ካለ ከመቶ 2.5 ወስዷል፣ «ኮሚሽን የለም» የሚል ጽሑፍ መስኮቱ ላይ ቢኖርም። ይህችን አንዲት ማባዛት ስልክ ላይ ያለ ካልኩሌተር በሰከንድ ይሠራታል። ሸቀል የሚልክ ሰው ይህ ምቾት የለውም። የእስራኤል ገንዘብ ከዶላር አንጻር በየቀኑ ይንቀሳቀሳል፤ ሸቀሉ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ከዚያ ወደ ብር የሚመነዘር ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ሁለት ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ሁለቱንም ምንዛሪ ያለፈው የመጨረሻ ቁጥር፣ የብሩ ቁጥር፣ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የሚከፈልበት መንገድም ዋጋውን ይለውጠዋል። ከባንክ ሒሳብ መክፈል ብዙ ጊዜ ርካሹ ነው፤ በክሬዲት ካርድ ሲሆን ካርዱን የሰጠው ባንክ ነገሩን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ የራሱን ክፍያና ከዚያው ቀን የሚጀምር ወለድ ሊጨምርበት ይችላል፣ ይህም አስተላላፊው ደረሰኝ ላይ አይታይም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደርና በመሳሰሉት በተከፈለ ሐዋላ ላይ ከመቶ 1 ግብር ጥሏል። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ ካርድ የተከፈለው ነጻ ነው። ሱቅ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ መላክ ልማድ ለሆነበት ሰው ይህች ከመቶ አንድ አዲስ ወጪ ናት።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «ይህን ሁሉ ከማስላት በጥቁር ገበያ መላክ አይሻልም? ብዙ ብር የሚያደርሰው እሱ ነው» የሚል አድማጭ እንዳለ አውቃለሁ። 57 እና ከ100 በላይ የሆኑ ሁለት ዋጋዎች ባሉበት ዘመን ስሌቱ ትክክል እንደነበር መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ሰው የላበት ገንዘብ ግማሹን ዋጋ ሲያጣ ሌላ መንገድ መፈለጉ የሚያስደንቅ አልነበረም። ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ልዩነቱ እንደዚያ አይደለም፤ በየጊዜው ቢሰፋና ቢጠብም በዚያን ጊዜ የነበረውን ያህል የሚያስገድድ አይደለም። ስለዚህ በሌላው ሚዛን ላይ ያለው ክብደት ጨምሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ የውጭ ምንዛሪ መገበያየት ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር የሚከሰስ ድርጅት፣ የሚታይ ደረሰኝ የለም። ነገ ቤት ልግዛ ወይም ንግድ ልክፈት ለሚል ሰው ደግሞ ገንዘቡ ከውጭ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ያለ ማስረጃ የሚላክ 1,000 ዶላር ከሃያ አንድ ጊዜ ቢጠፋ፣ በአማካይ በየጊዜው 50 ዶላር ተከፈለ ማለት ነው፤ ከመቶ 5 እጅ፣ የትኛውም ሕጋዊ ድርጅት ላይ ተመራርጠን ከምናተርፈው ሊበልጥ የሚችል።

ስለ ፍጥነት የሚነሳው ነገር አጭር መልስ አለው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ካለ በደቂቃ የሚደርሰው መንገድ ምንም ቢወደድ እሱ ነው የሚመረጠው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ለወር ቀለብና ለትምህርት ቤት ክፍያ ግን ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለማያስፈልግ ፍጥነት በየወሩ መክፈል አይገባም።

መታመንን በተመለከተ ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም፣ ርካሽነትም ወንጀል አይደለም። የሚጣራው ፈቃድ ነው። በእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ በኤምሬትስና በሳዑዲ ማዕከላዊ ባንኮቹ፣ በአሜሪካ የየክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ የሰጧቸውን ድርጅቶች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋሉ። አዲስ ድርጅት ሲሞከር መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ልኮ ማየት ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር፤ ብዙ ድርጅቶች ለመጀመሪያው መላኪያ ብቻ ከፍ ያለ ተመን ይሰጡና ከሁለተኛው ጀምሮ ይቀንሱታል። በመጀመሪያው ተደስቶ ለዓመት እዚያው የሚቆይ ሰው ያወዳደረው የማይመለሰውን ዋጋ ነው።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ ለላኪው ትልቅ መሣሪያ ሰጥቷል፤ ብዙው ወገናችን ግን አይጠቀምበትም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2013 ጀምሮ አስተላላፊው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፣ ግብሩን፣ የምንዛሪ ተመኑንና ተቀባዩ የሚያገኘውን መጠን በጽሑፍ ማሳየት አለበት። አገልግሎቱን በዋናነት በአማርኛ እያስተዋወቀ የሚሸጥ ከሆነ መረጃውን በአማርኛም የማቅረብ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። ከከፈሉ በኋላ ገንዘቡ እስካልተወሰደ ድረስ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ይቻላል፤ ስሕተት ከተገኘም እስከ 180 ቀን ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ «ስንት ብር ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ በሕግ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ «እዚያ ሲደርስ ይታወቃል» ካለ ሌላ መስኮት መፈለግ ይሻላል።

የቀረው ነገር አገር ቤት ያላችሁ ተቀባዮችን የሚመለከት ነው። ላኪው ደውሎ «ደረሰ?» ሲል የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው፤ ቁጥሩ አይነሳም። ገንዘቡ ቀንሶ ቢደርስ እንኳ ያጉረመረሙ እንዳይመስልባቸው ይሉኝታ ይዟቸው ዝም የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ላኪው ግን ያ ቁጥር ከሌለው የመረጠው መንገድ ርካሽ ይሁን ውድ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስልኩ ላይ የታየው መጠንና ባንኩ የከፈለው መጠን መገናኘታቸውን የሚያረጋግጠው የተቀበለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከምስጋናው ቀጥሎ የባንኩን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው፤ ወይም በቃል ንገሯቸው፦ «ልጄ፣ 29,204 ብር ነው የሰጡኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት።»